ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የሚውል ኮንክሪትና ሞርታር፦ አሠፋፈር፣ አቦካክና አያያዝ

በርካታ የግል መኖሪያ ቤቶች የሚሠሩት በባለቤቱ የቅርብ ክትትል፣ በግንበኛና በቀን ሠራተኞች እጅ ነው። ሲሚንቶው በፋብሪካ ተመርቶ፣ ብረቱም በመጠንና በደረጃ ተለይቶ ወደ ግንባታው ቦታ ይደርሳል። ኮንክሪቱ ግን የሚመረተው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በአካፋ፣ በባልዲና በሚክሰር ነው። ስለዚህ ጥራቱ ሙሉ በሙሉ በግንባታው ቦታ የሚወሰነው ዋነኛ የቤቱ ክፍል ኮንክሪቱ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ቤት በመሥራት ላይ ያሉ ወይም ለመሥራት የተዘጋጁ ዜጎች ሥራውን ዐውቀው እንዲከታተሉ ለማገዝ ነው። የመሐንዲስ ንድፍንና የግንባታ ፈቃድን አይተካም፤ በንድፉ ላይ የሰፈረ መጠን እዚህ ከተገለጸው ቢለይ የሚጸናው የንድፉ ነው።

ጉዳዩ ከወጪ ቁጠባ ያለፈ ነው። ስምጥ ሸለቆ ሀገሪቱን አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ እንደ አዳማና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ባለበት ቀጣና ይገኛሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ የቤቱን ክብደት ይዘው የሚቆሙት ምሰሶዎቹ ናቸው። የምሰሶዎቹ አቅም ደግሞ ከዓመታት አስቀድሞ፣ ኮንክሪቱ በቦካበት ዕለትና በተከታዮቹ ጥቂት ሳምንታት ተወስኖ ያለቀ ነው።

የኮንክሪትና የሞርታር ልዩነት

ሞርታር የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ውህድ ነው። ድንጋይንና ብሎኬትን ለማያያዝ፣ ለልስንና ለሊሾ ያገለግላል። በዚሁ ውህድ ላይ ጠጠር ሲታከልበት ኮንክሪት ይሆናል፤ ብረት የገባበት ኮንክሪት በተለምዶ አርማታ ይባላል።

የኮንክሪት ጥንካሬ በደረጃ ይገለጻል። በንድፍና በሥራ ዝርዝር ላይ ሲ-25 ተብሎ የሚጻፈው፣ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኩብ በ28 ቀን ዕድሜው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ግፊት መሸከም አለበት ማለት ነው። በጥቅሉ ሲሰላ ያ ትንሽ ኩብ ሳይሰበር ወደ 57 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይችላል። ለመኖሪያ ቤት ምሰሶ፣ ቢምና ሶሌታ በብዛት የሚታዘዘው ይኸው ሲ-25 ሲሆን፣ በሥራ ዝርዝሮች ላይ በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ቢያንስ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ እንዲገባ ይጠየቃል። ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ሊን ኮንክሪት ግን ጭነት እንዲሸከም ሳይሆን ብረቱ ከአፈር ጋር እንዳይነካካና ሥራው በንጹሕ ወለል ላይ እንዲካሄድ የሚሠራ ስለሆነ 150 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። ሁለቱን ማቀያየር፣ ማለትም ለሊን ኮንክሪት የተለካውን ውህድ ወደ ምሰሶ መውሰድ፣ በጥድፊያ ጊዜ የሚደርስ ከባድ ስሕተት ነው።

ሲሚንቶ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉት የሲሚንቶ ዓይነቶች ናቸው። ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል። ፒፒሲ ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ፖዞላና ተፈጭቶ የተቀላቀለበት በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ለግንብና ለልስን ይበልጥ ይመቻል። በከረጢቱ ላይ የሚታተመው 32.5 ወይም 42.5 የሚለው ቁጥር የሲሚንቶውን የጥንካሬ ደረጃ ያመለክታል። ለአርማታ ሥራ የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። አንዱን በሌላው ለመተካት፣ በተለይም ሲሚንቶ በጠፋ ወቅት የተገኘውን ለመጠቀም ሲታሰብ፣ መሐንዲሱ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ የውህዱ መጠንም ሆነ ፎርምወርክ የሚፈታበት ጊዜ ሊለወጥ ይችላልና።

ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኝ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ መጠንከር ይጀምራል። ከመሬት ከፍ ባለ የጣውላ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ መቀመጥ አለበት፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይወጣል። በክረምት በላስቲክ መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ እርጥበት ከሥርም ይመጣል። በእጅ ሲጨበጥ የሚፈርስ ጓል ብዙ አያሳስብም። በጣት ተጨፍልቆ የማይፈርስ ጓል ያለበት ሲሚንቶ ግን ለአርማታ አይውልም፤ ጓሉን ነፍቶ የቀረውን መጠቀምም ችግሩን አይፈታውም።

አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ

ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ግንባታ የሚውለው አሸዋ በብዛት የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ፣ ከቆቃ፣ ከሶደሬ፣ ከመተሐራና ከላንጋኖ አካባቢ ነው። ዋናው የአሸዋ ጉድለት ከእርሱ ጋር የሚመጣው ደለልና አፈር ነው። ደለል የአሸዋውን ቅንጣት ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይይዘው ያደርጋል፤ ውሃም ስለሚጠጣ ቡኮው ተጨማሪ ውሃ እንዲፈልግ ያስገድዳል። በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ መታጠብ ወይም መመለስ አለበት።

ይህን ያለ ላቦራቶሪ በግምት መለየት ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ባለ ግልጽ ብርጭቆ ወይም አንገቱ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ ይጨመራል፤ ጥቂት ጨው የተጣለበት ውሃ እስኪሸፍነውና ከዚያም በላይ እስኪሆን ይሞላበታል። በንጹሕ እንጨት በደንብ ተማስሎ ለሦስት ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቀመጣል። አሸዋው ከሥር ይዘቅጣል፣ ደለሉ በላዩ ስስ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የደለሉ ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አሸዋ በቢያጆ ተገዝቶ ግቢ ከተገለበጠ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሙከራው ቢቻል ውል ከመያዙ በፊት ከሻጩ በሚወሰድ ናሙና ላይ ይደረጋል። መኪናው ሲደርስም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥር ጭምር ተዝቆ በመዳፍ ሊታሽ ይገባል፤ መዳፍን በአፈር የሚያቀልም አሸዋ ከናሙናው ጋር አንድ መሆኑ ያጠራጥራል።

እርጥብ አሸዋ ያብጣል። በቅንጣቶቹ መካከል የሚገባው ስስ ውሃ እርስ በርስ ስለሚያራርቃቸው ይኸው አሸዋ ከደረቀበት ጊዜ 20 በመቶ ወይም ከዚያም በላይ ብዙ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት በክረምት በሳጥን የተሰፈረ አሸዋ ሲታይ ሙሉ ሆኖ በውስጡ ያለው ግን የጎደለ ነው። በእርጥብ አሸዋ ሲሠራ የአሸዋው ስፍር በመጠኑ ይጨመራል፣ ውሃው ይቀነሳል።

ጠጠር ከጥቁር ድንጋይ የተፈጨ፣ ጠርዝ ያለውና ከአቧራ የጸዳ መሆን አለበት። በገበያ 00፣ 01 እና 02 እየተባለ እንደ መጠኑ የሚሸጥ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጠጠሩ ይተልቃል። ለአርማታ 02 ዋናው ሆኖ 01 ሲታከልበት በትልልቆቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሞላል። ብረት በተጠጋጋበት የምሰሶና የቢም መገናኛ ጠጠሩ በብረቶቹ መካከል ማለፍ መቻሉ አስቀድሞ ይረጋገጣል። ቀይ አሸዋና ፑሚስ ቀላል በመሆናቸው ለሙሌትና ለብሎኬት ማምረቻ ይጠቅማሉ፤ በንድፍ ካልታዘዘ በቀር በምሰሶና በሶሌታ ኮንክሪት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ፣ የሳሙና እጣቢና ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም። ጨው በተለይ የውስጡን ብረት ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ አብጦ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

አሠፋፈር

በአካፋ ቆጥሮ ማቡካት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም አካፋ መስፈሪያ አይደለም። የአንዱ ሠራተኛ አካፋ ከሌላው፣ የጠዋቱም ከከሰዓቱ ይለያል። አስተማማኙ መንገድ ከጣውላ የሚሠራ መስፈሪያ ሳጥን ነው። ውስጡ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድና 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። ይህም የአንድ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ይዘት ነው ማለት ይቻላል። በመሆኑም ሲሚንቶው ራሱ አይሰፈርም፤ ከረጢቱ በሙሉ ይገባል፣ ሌላው በእርሱ ልክ በሳጥን ይቆጠራል። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ በዓይን ገምቶ መክፈል የስፍሩን ጥቅም ያጠፋዋል።

ለሲ-25 በግንባታ ቦታ በብዛት የሚሠራበት ምጣኔ 1 ለ2 ለ3 ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ በቀጥ ያለ እንጨት ይላጋል እንጂ ተቆልሎ አይገለበጥም። በዚህ ምጣኔ አንድ ከረጢት በግምት 0.14 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ስለሚሰጥ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ሰባት ከረጢት ያህል ይገባል። ይህ 350 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን ለተጠየቀው 360 ቅርብ ነው፤ በእጅ በሚቦካበት ጊዜ ውህደቱ ከሚክሰር ስለሚያንስ 10 በመቶ ያህል ሲሚንቶ መጨመር ተገቢ ነው።

ስሌቱ በምሳሌ ሲታይ፣ ወርዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ምሰሶ 0.27 ሜትር ኩብ ነው፤ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል። ከአንድ ምሰሶ ላይ ሩብ ከረጢት “ለመቆጠብ” የሚደረግ ቅነሳ ከቤቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከምሰሶው ሲሚንቶ ግን ስምንተኛውን እጅ ይወስዳል።

የውሃው መጠን

ሲሚንቶው በትክክል ተሰፍሮ፣ አሸዋው ታጥቦ፣ ጠጠሩ ተመርጦ ሳለ ኮንክሪቱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉም የረከሰው ግብዓት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ግብዓት የሚሠራ ኮንክሪት ጥንካሬው በዋነኛነት የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው ምጣኔ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዛሬም ድረስ የኮንክሪት ሥራ መሠረት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ኬሚካዊ ውህደት ስለሚፈጥር ነው። ለዚህ ውህደት 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ የሚፈልገው ውሃ ከ12 እስከ 13 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው ቡኮው እንዲላወስና ፎርምወርኩን እንዲሞላ የሚያግዝ ሲሆን፣ ሥራውን ሲጨርስ ተንኖ ይወጣል፤ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳ የበዛበት ኮንክሪት ጭነት አይችልም፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ብረቱንም ከዝገት አይጠብቅም።

ለሲ-25 በአንድ ከረጢት እስከ 25 ሊትር ውሃ መጠቀም ይቻላል። ይህም 20 ሊትር ከሚይዘው የተለመደ ቢጫ ጀሪካን አንድ ከሩብ ነው። በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም ከዚሁ ላይ የሚታሰብ ነው። ስለዚህ በአንድ ጀሪካን ተጀምሮ ቀሪው አምስት ሊትር እንደ አስፈላጊነቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ከዝናብ በኋላ ሳያስፈልግ ሊቀር ይችላል። በከረጢቱ ላይ ሌላ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር፣ ቢታከል ምጣኔው ከ0.5 ወደ 0.7 ይወጣል፤ ኮንክሪቱም ከጥንካሬው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ባለቤቱ የከፈለው ለሲ-25 ሆኖ ያገኘው ግን ከሲ-15 ብዙ የማይርቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉድለት ፎርምወርኩ ሲፈታ በዓይን አይታይም፤ እንዲያውም ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ገጹ ለስላሳና ያማረ ሆኖ ይወጣል።

ውሃ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ወፍራም ቡኮ ማንሳትና መግፋት ለቀን ሠራተኛው አድካሚ ነው፤ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ግንበኛም ሙሌቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ስለዚህ ክልከላ ብቻ አይበቃም። ቡኮው እንዲላወስ ሌሎች መንገዶች አሉ፦ የ01 እና የ02 ጠጠርን ማመጣጠን፣ በቂ ሠራተኛ መመደብ፣ ቫይብሬተር መከራየት፣ አስፈላጊ ሲሆንም በመሐንዲስ ምክር ውሃ የሚቀንስ ኬሚካል መጠቀም። ውሃ የግድ የሚጨመር ከሆነ ሲሚንቶውም በምጣኔው ልክ አብሮ ይጨመራል። በሙሌት ቀን የውሃውን ጀሪካን የሚቆጥር አንድ ታማኝ ሰው ከሚክሰሩ አጠገብ ማቆም ቤት ሠሪው ሊያደርገው ከሚችለው ቁጥጥር ሁሉ ርካሹና ውጤታማው ነው።

የቡኮውን ውፍረት ለመለካት የስላምፕ ሙከራ ይደረጋል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የታች አፉ 20፣ የላይ አፉ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ቀፎ ውስጥ ኮንክሪቱ በሦስት ዙር ይሞላል፤ በየዙሩ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ቀፎው ቀጥ ብሎ ሲነሳ ክምሩ የሚወርድበት መጠን ለምሰሶና ለቢም በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ተንዶ እንደ ሾርባ የሚፈስ ቡኮ ወደ ፎርምወርክ መግባት የለበትም።

አቦካክ

ኮንክሪት በባዶ አፈር ላይ አይቦካም። አፈሩ ውሃውን ይመጣል፣ ራሱም በአካፋ እየተዛቀ ይገባል። በእጅ ሲቦካ ንጹሕ የሲሚንቶ ወለል ወይም ላሜራ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አሸዋውና ሲሚንቶው በደረቁ መልኩ አንድ ዓይነት እስኪሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ ጠጠሩ ታክሎ እንደገና ይገላበጣል። ከዚያ መሐሉ ተጎድጉዶ ውሃው ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ውሃው ሲሚንቶውን ይዞ ወደ ውጭ እንዳይፈስ ከዳር ወደ መሐል እየተመለሰ ይቦካል።

በሚክሰር ሲሆን ከውሃው ከፊሉ ቀድሞ ይገባና ጠጠሩ፣ አሸዋውና ሲሚንቶው ይከተላሉ፤ ቀሪው ውሃ በመጨረሻ ይጨመራል። ሁሉም ከገባ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ መዞር አለበት። ሚክሰሩን ከአቅሙ በላይ መሙላት ሥራ ያፋጠነ ይመስላል እንጂ ውህደቱን ያበላሻል።

የቦካ ኮንክሪት በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ መዋል ይኖርበታል። ምሳ ተበልቶ እስኪመለስ የቆየን ቡኮ ውሃ ረጭቶ “ማደስ” መጠንከር የጀመረውን ውህደት ከመስበሩም በላይ ተጨማሪ ውሃ ያስገባበታል። እንዲህ ያለው ቡኮ ለግቢ መንገድ መሙያ ይሁን እንጂ ወደ ምሰሶ አይገባም።

ሙሌት

ከሙሌት በፊት ፎርምወርኩ ከስንጥርና ከአፈር ይጸዳል፣ ይረጥባል፣ ብረቱም ከጣውላው ጋር እንዳይነካካ ስፔሰር ይደረግለታል። ኮንክሪት ከ1.5 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ሲወረወር ጠጠሩ ከቡኮው ተለይቶ ከሥር ይከማቻል። በዚህ ምክንያት ረጅም ምሰሶ በአንድ ጊዜ ከአናቱ አይሞላም። ቫይብሬተሩ በአንድ ቦታ ለጥቂት ሰከንዶች፣ የአየር አረፋው መውጣቱን እስኪያቆም ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ጠጠሩን ያዘቅጣል።

የአየር ጠባይም ሊታሰብበት ይገባል። እንደ ሠመራ፣ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ሙሌት በማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ቢያልቅ ይመረጣል። በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ደጋማ ቦታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል አዲስ ኮንክሪት ማታ ማታ በጆንያና በላስቲክ መሸፈን አለበት።

ውሃ ማጠጣት

ኮንክሪት ውሃ እስካገኘ ድረስ መጠንከሩን ይቀጥላል፤ ያለጊዜው ከደረቀ ውህደቱ ይቋረጣል፣ ላዩም በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ከሙሌት ማግስት ጀምሮ ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት፣ በፒፒሲ ሲሆን ወይም አየሩ ደረቅ ሲሆን እስከ ሁለት ሳምንት፣ ሳይቋረጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጠዋትና ማታ በቱቦ መርጨት በበጋ ፀሐይ አይበቃም፤ እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ይገኛል። ሶሌታ በዙሪያው የአሸዋ ወይም የሞርታር ድንበር ተደርጎለት ውሃ ይታቆርበታል። ምሰሶ በጆንያ ተጠቅልሎ ጆንያው ይረሰርሳል። በተግባር የሚረሳው ምሰሶው ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ውሃ ስለማይዝ ብቻ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ተረጭቶ ይተዋል።

የምሰሶ ጎን ጣውላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊፈታ ይችላል። የሶሌታና የቢም ድጋፍ እንጨቶች ግን ከመሐንዲሱ ፈቃድ ውጭ አይነሱም። ግድግዳ ሳይኖረው ወደ ውጭ የተንጠለጠለ በረንዳ ድጋፉ እስከ 28 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ይመከራል። የተከራዩትን ጣውላ ለመመለስ ሲባል ይህን ጊዜ ማሳጠር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሞርታር

ለብሎኬትና ለድንጋይ ግንብ 1 ለ3 ወይም 1 ለ4 የሲሚንቶና የአሸዋ ምጣኔ የተለመደ ነው። ለልስን በብዛት 1 ለ3 ይታዘዛል፤ አሸዋውም በወንፊት መነፋት አለበት። ለአንድ ሜትር ኩብ የ1 ለ3 ሞርታር ከዘጠኝ እስከ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን ለ10 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት ከረጢት ያህል ይፈጃል። ሲሚንቶ ሲበዛበት ልስን ይሻላል ብሎ ማሰብ የተሳሳተ ነው፤ ከልክ ያለፈ ሲሚንቶ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል።

ብሎኬቱና ድንጋዩ ከመገንባቱ በፊት በመጠኑ ሊረጥብ ይገባል፤ ደረቅ ብሎኬት የሞርታሩን ውሃ ስቦ ያስቀረዋል። ለልስን ኖራ መጨመር ቡኮውን ለስላሳና ለመለጠፍ ምቹ ያደርገዋል። ኖራ ለኢትዮጵያ ግንባታ እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ሞርታር ነው።

በጭቃ ቤት ላይ የሚደረግ የሲሚንቶ ልስን ለብቻው መታየት አለበት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መያያዣ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ይላቀቅና ልስኑ በሰፊው ይረግፋል። የግድ ከሆነ በግድግዳው ላይ የሽቦ መረብ በሚገባ ተቸንክሮ ልስኑ በእርሱ ላይ መያዝ ይኖርበታል።

የሠራተኞች ደኅንነት

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል። ቃጠሎው ወዲያው ስለማይሰማ ሠራተኛው ሳያውቀው ለሰዓታት በእግሩና በጉልበቱ ላይ ይቆያል። ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ያስፈልጋል፤ በባዶ እግር ቡኮ መርገጥ ሊፈቀድ አይገባም። ቡኮ የነካው ቆዳ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ እየታጠበ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከረጢት በሚገለበጥበት ጊዜ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። በግንባታ ቦታ ውሃ የታቆረበት ጉድጓድና በርሜል ለሕፃናት አደገኛ በመሆኑ መከደን አለበት።

ሙከራና ጉድለት

በዋና ዋና ሙሌቶች ዕለት ከሚቦካው ኮንክሪት ላይ የኩብ ናሙናዎች ተወስደው በ7 እና በ28 ቀን እንዲሰበሩ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሙከራ በዩኒቨርሲቲዎችና በግል የግንባታ ዕቃዎች ላቦራቶሪዎች ማሠራት ይቻላል። ናሙናው የሚወሰደው ባለቤቱ ወይም ተቆጣጣሪው ባለበት፣ ከሚሞላው ቡኮ ላይ እንጂ ለሙከራ ተብሎ ለብቻው ከተዘጋጀ ቡኮ መሆን የለበትም። በ7 ቀን የተገኘው ውጤት ከሚጠበቀው የመጨረሻ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ከሆነ ሥራው በመልካም መንገድ ላይ ነው፤ በፒፒሲ ከዚህ በመጠኑ ሊያንስ ይችላል።

ፎርምወርክ በሚፈታበት ዕለት ባለቤቱ ቢገኝ ይመረጣል። ጠጠሩ ፈጦ፣ በመካከሉ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ቀዳዳ የታየበት ወይም ብረቱ የተጋለጠበት ምሰሶ ቡኮው በሚገባ አልገባበትም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በዚያው ዕለት በሞርታር ለጥፎ ማስተካከል የተለመደ ቢሆንም ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። ቦታው ሳይነካ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ መሐንዲሱ ጥልቀቱን አይቶ የሚጠገንበትን መንገድ ወይም ምሰሶው ፈርሶ እንደገና እንዲሞላ በጽሑፍ ይወስናል። ግንበኛው ውሳኔውን ካልተቀበለ ወይም ሥራው ያለ መሐንዲስ እየተካሄደ ከሆነ፣ ባለቤቱ በምሰሶው ላይ ተጨማሪ ጭነት ከማረፉ በፊት የግንባታ ፈቃዱን ለሰጠው የከተማው ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት የንድፉን ቅጂና ፎቶግራፉን በማያያዝ ማመልከት ይችላል።